የራውተሬ ቢት እየቆረጠ ሳለ ይሾልካል፣ ምን ይሻለኛል?

ዋንዛ_ወዳድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኪችን ካቢኔትና የቁም ሣጥን በር ነው የምሠራው። ከጥቂት ወራት በፊት አሜሪካ ያለው የባለቤቴ ወንድም ራውተር (እንጨት ላይ ቦይና ጌጥ የሚያወጣውን የእጅ ማሽን) ላከልኝ። የ110 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምጠቀመው፤ ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል እንጂ ማሽኑ ጉልበት አለው።

ችግሬ ቢቱ፣ ማለትም እየዞረ የሚቆርጠው ምላጭ ነው። ትናንት የዋንዛ በር ላይ 6 ሚሊ ጥልቀት ያለው የጌጥ ቦይ ማውጣት ጀመርኩ። መነሻው ላይ 6 ነው። መሀል ላይ 7 ከምናምን። መጨረሻው ላይ ስለካው 9 ሚሊ ሆኖ ቁጭ! በሩ የደንበኛ ነው፣ እንጨቱን የገዛሁት ደግሞ እኔ። ቢቱን የሚያጠብቀውን ዳዶ እጄ እስኪላጥ አጥብቄዋለሁ። ከዚያ የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ቆርጬ ዘንጉ ላይ ጠቅልዬ አስገባሁት፤ ለአስር ደቂቃ ያህል ደህና ሆነና እንደገና ሾለከ፣ ድምፁም ተቀየረብኝ፣ ደንግጬ አጠፋሁት።

ኮሌቱ (የቢቱን ዘንግ ነክሶ የሚይዘው ስንጥቅ ያለው ቀለበት) አልቆ ይሆን? ወይስ ቢቶቹ ናቸው? ቢቶቹን የገዛሁት መርካቶ ነው፣ 12 ፍሬ በእንጨት ሣጥን።

መዶሻ77፦

በደንብ አላጠበቅከውም ማለት ነው። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተህ አንዴ ጥርቅም አድርገው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው። አለቀ።

የድሮ_አናጢ፦

ኧረ በማርያም! ቱቦ እንዳትሰካ። የዳዶውን ጥርስ ትበላዋለህ፣ ኮሌቱንም ትሰነጥቀዋለህ።

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ጣሳ አውጥተህ ጣል። ሰፊ ጫማ ውስጥ ካልሲ ደራርቦ እንደመሮጥ ነው። 25 ሚሊ ስፋት ያለው ቢት በደቂቃ 22,000 ጊዜ ሲዞር የምላጩ ጫፍ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚበረው። ያ ነገር ከኮሌቱ ቢወጣ ወዴት እንደሚሄድ አንተም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። እኔ አንዴ ወጥቶብኝ ግድግዳው ብሎኬት ላይ ጠባሳ ትቷል፤ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ቢቱን ስታስገባ እስከ መጨረሻው ገፍተህ ነው የምታጠብቀው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ኮሌቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ኮሌቱም ቢቱን ይዞ ሊገባ ይፈልጋል። የቢቱ ዘንግ ታች ነክቶ ከቆመ መግባት አይችልም። አንተ እጅህ ላይ ጠብቆ ይሰማሃል፣ ውስጡ ግን በደንብ አልነከሰም። ስለዚህ እስከ ታች አስገባና 2 ወይም 3 ሚሊ ወደ ኋላ መልሰህ አጥብቅ። ደግሞ ብዙ አታውጣው፤ ከዘንጉ ቢያንስ 20 ሚሊ ያህሉ ኮሌቱ ውስጥ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል! ከዚያ ኮሌቱን አውጥተህ ብርሃን ላይ አሳልፈህ እየው። ስንጥቆቹ ውስጥ ሙጫና ብናኝ ተጋግሮ ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለህ፣ በተለይ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራውን ጣውላ) የምትቆርጥ ከሆነ። በነጭ ጋዝ ነክረህ በነሐስ ብሩሽ ፈትገውና በጨርቅ አድርቀው። ኮሌቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድም እንደዚሁ። ዘይት ግን እንዳይነካው፤ ከዝገት ልጠብቀው ብለህ ዘይት ስትቀባው ራስህ ነህ የምታንሸራትተው።

ሲኤንሲ_ልጅ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ቢቱ መሹለኩን በምን አወቅን? የራውተሩ የጥልቀት መቆለፊያ ላልቶ ማሽኑ ራሱ በንዝረት ዝቅ እያለ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ አንድ ነው፣ ቦዩ ይጠልቃል። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ኮሌት በከንቱ ገዝቻለሁ።

መለየት ቀላል ነው። ማርከር አንሳና ከዘንጉ እስከ ዳዶው የሚያልፍ አንድ መስመር አስምር። ግማሽ ሜትር ቁረጥና አጥፍተህ እየው። መስመሩ ከተላቀቀ ወይም ከዳዶው ከራቀ ቢቱ ነው። መስመሩ እንዳለ ሆኖ ቦዩ ከጠለቀ መቆለፊያው ነው።

ደግሞ ቢቱ ጠምዛዛ ከሆነ፣ ማለትም ፍቅፋቂውን ወደ ላይ የሚያወጣው ዓይነት፣ ራሱን ከኮሌቱ ወደ እንጨቱ ነው የሚስበው። በትንሹ ከላላ እንደ ቡሽ መክፈቻ እየገባ ነው የሚሄደው። 6 ሚሊን በአንድ ጊዜ አትቁረጥ፣ በሁለት ዙር 3፣ 3 አድርገው። ዋንዛ ለመቁረጥ ክፉ እንጨት አይደለም፣ ግን የደነዘ ቢት ከሆነ ያጨሳል፣ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ መሹለክ ይጀምራል።

ቨርጂኒያ_ጋራዥ፦

ሰላም፣ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ጥያቄህን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ነገር አለ፣ እስካሁን ማንም አላነሳውም። ራውተሩ ከዚህ ከተላከ ኮሌቱ በኢንች ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጡት 1/4 እና 1/2 ኢንች ናቸው። 1/4 ማለት 6.35 ሚሊ ነው። መርካቶ የገዛኸው ሳጥን ደግሞ 6 ሚሊ ዘንግ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም! ገብቶ ይጠብቃል፣ ኮሌቱ ግን ይህን ያህል እንዲጨመቅ አልተሠራም፣ አፉ ላይ ብቻ ነክሶ ይቀራል። በካሊፐር (ውፍረትን በሚሊ ክፋይ በሚለካው መሣሪያ) ለካው።

1/2 ኢንች ኮሌት ውስጥ 12 ሚሊ ማስገባትም ያው ነው፣ እሱ እንዲያውም ይብሳል፣ ልዩነቱ 0.7 ነው።

ዋንዛ_ወዳድ፦

ወገኖቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካሊፐር ከጎረቤት ጋራዥ ተውሼ ለካሁት። 5.97 ይላል!! ኮሌቱን አውጥቼ ሳየው ጎኑ ላይ 1/4 ተብሎ ተጽፏል። ስንት ወር ሙሉ ይዤው ስውል አንድ ቀን አላነበብኩትም። የማርከሩንም ሞከርኩ፣ ያለ ጣሳው፣ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ፤ አንድ ክንድ ሳልቆርጥ መስመሩ ለሁለት ተለያየ።

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትም ልክ ነበር፣ ሁሌ እስከ ታች ገፍቼ ነው የማጠብቀው። ኮሌቱ ውስጥ ያለው ቆሻሻማ አያድርስ ነው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ልዩነቱን የሚሞላ ቀጭን እጅጌ ነገር ይሸጣል ወይ? 12ቱንም ቢት መጣል ከበደኝ።

ቨርጂኒያ_ጋራዥ፦

እጅጌ አለ፣ ግን ከ1/2 ኢንች ወደ 8 ሚሊ ለመሳሰለው ትልቅ ልዩነት ነው። ለ0.35 ሚሊ የሚሆነው እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሚሆን ከጣሳህ ብዙም አይሻልም። ወይ ለማሽንህ ሞዴል የተሠራ 6 ሚሊ ኮሌት ፈልግ፣ ወይ 1/4 የሆኑ ቢቶች ግዛ። መርካቶ ስትሄድ ካሊፐሩን ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ "ያው ነው" ቢልህ አትስማው። የባለቤትህ ወንድም ሰው ሲመጣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቢልክልህም ኪስ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት።

የድሮ_አናጢ፦

ስትገዛ ኮሌቱንም አብረህ ብትቀይር ጥሩ ነው። በቀጭን ዘንግ ስንት ወር ሙሉ ስለተጨመቀ አፉ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ቢት አስገብተህ ዳዶውን በጣትህ ብቻ አጥብቅና ነቅንቀው፤ ከተወዛወዘ አበቃለት። ባዶ ኮሌትም በጭራሽ አታጥብቅ።

የተበላሸው በር ውፍረቱ ስንት ነው?

ዋንዛ_ወዳድ፦

20 ሚሊ።

የድሮ_አናጢ፦

እንግዲያው ምን ያስጨንቅሃል፣ ሁሉንም 9 አድርገው። 11 ሚሊ ይተርፍሃል፣ ለጌጥ ቦይ ይበቃል። በትክክለኛው ቢት ግን!

መዶሻ77፦

ቱቦውን ተውኩት 😅 የኔንም ሄጄ ልለካው ነው።

ዋንዛ_ወዳድ፦

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። 1/4 ቢት ሁለት ፍሬ አገኘሁ፣ ብዙ ሱቅ ዞሬ ነው። ኮሌቱን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ 3 ሚሊ መልሼ፣ በሦስት ዙር ቆረጥኩት። መስመሩ ፍንክች አላለም። በሩን በሙሉ 9 አደረግኩት።

ደንበኛው ዛሬ ጠዋት መጥቶ አየው። ቦዩ ጠለቅ ማለቱን ወዶታል፣ የቀሩት አራቱም እንደዚህ ይሁኑልኝ ብሎኝ ሄደ። እኔም ዝም አልኩ።