የቤል-ቩ ጎዝ ለምን ጣፋጭ ሆነ?

ጥያቄ፦ ብራስልስ ሞለንቤክ፣ ቦዩ ዳር ያለው የቤል-ቩ ጠመቃ ቤት አሁን ሆቴል ገብቶበታል። ላምቢክ፣ ማለትም በዱር እርሾ የሚፈላው የቤልጂየም ቢራ፣ ኮምጣጣ ነው ይባላል፤ ከላምቢክ ተደባልቆ የሚሠራው የቤል-ቩ ጎዝ ግን ይጣፍጣል። እርሾው ሕያው ከሆነ ስኳሩን እንዴት ሳይበላው ቀረ?

በርሜል፦ እርሾው ስለሌለ ነው። መጀመሪያ ላምቢክን እንይ፦ ቢያንስ 30 በመቶ ያልበቀለ ስንዴ፣ የቀረው የገብስ ብቅል። የእህሉ ጭማቂ ለሰዓታት ይንተከተክና ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው ክፍት ገንዳ ላይ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ጥንስስ የሚባል ነገር አይገባበትም፤ እርሾውን ከአየሩና ከበርሜሉ እንጨት ያገኛል። ሙቀት ሲመጣ አበላሺ ባክቴሪያ ስለሚበዛ በአውሮፓ ሞቃት ወራት አይጠመቅም። ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባው ሆፕስም ሆን ተብሎ ዓመታት ያስቆዩት ነው፦ ምሬቱ ይሄዳል፣ ባክቴሪያ የመግታት ኃይሉ ይቀራል። ጌሾ የለመደ ሰው ግማሹን ሥራ ያውቀዋል።

ባህላዊ ጎዝ የ1፣ የ2 እና የ3 ዓመት ላምቢክ ድብልቅ ነው። በለጋው ውስጥ የቀረው ስኳር ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይፈላል። ለጋው ከበዛ ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ካነሰ ጋዝ አይኖረውም።

ሻምላ፦ ቤል-ቩ ይህን ጣጣ ነው የዘለለው። ፊሌሞን ቫንደን ስቶክ በ1913 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲጀምር ጠማቂ ሳይሆን የሌላውን ላምቢክ ገዝቶ የሚደባልቅ ነበር። ቤቱ በኋላ ጎዙን አጣርቶ፣ በሙቀት ሕያዋኑን ገድሎ (ፓስተራይዝ አድርጎ)፣ ጋዝ ሞልቶ በ25 ሳንቲሊትር ጠርሙስ በቆርኪ አሸገው። ብሬታኖማይሰስ፣ ማለትም ያ የማይጠግብ የዱር እርሾ፣ ከተወገደ በኋላ የፈለግከውን ያህል ስኳር ብትጨምር የሚነካው የለም። ጣፋጩ ደግሞ የድብልቁን ጉድለት ይሸፍናል። ካፌዎች የወደዱት የማይፈነዳና ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። በገንዘቡ ትናንሾቹን ጠመቃ ቤቶች ገዛ፤ የስኸፕዳሉ ጠመቃ ቤት ደ ኔቨ በ1975 ተዋጠ። ራሱ ቤል-ቩም በ1991 በትልቁ የቢራ ኩባንያ በኢንተርብሩ ተዋጠ። (የፊሌሞን ልጅ ኮንስታን የአንደርሌክት እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ስታዲየሙም ለረጅም ጊዜ በስሙ ይጠራ ነበር።)

በርሜል፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ የሞለንቤኩ ጠመቃ ቤት ተዘጋ እንጂ የቤል-ቩ ስም አልጠፋም፤ አሁንም ይሸጣል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ያልጣፈጠውን ስገዛ በምን ልለየው?

ሻምላ፦ ምልክቱ ላይ «አውደ» የሚለውን ቃል ፈልግ፤ በፍላሚሽ «አሮጌ» ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስም ስለሆነ የተጣፈጠ ጎዝ አይጻፍበትም። ጠርሙሱን አንድ ቀን አቁመው፣ ቀስ ብለህ ቅዳ፣ አተላውን ከሥሩ ተወው።