ማታ ማታ ቤቴ የጻፍኩት ፕሮግራም የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ በሚሸጥ ድርጅት 3 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት ሒሳብ ልይዝ እንጂ ሶፍትዌር ልጽፍ አይደለም። ውሌ ሁለት ገጽ ነው፤ ስለ ፕሮግራም አንዲት ቃል የለውም።

የመጋዘኑ ቆጠራ በኤክሴል እየተምታታ ሲያስቸግረኝ፣ ማታ ማታና እሁድ እሁድ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በራሴ ላፕቶፕ፣ በፓይተን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠራሁ። 8 ወር ፈጀብኝ። ሥራ አስኪያጁ በጣም ወደደው፤ ከዚያ "የዱቤ ሪፖርት ጨምርበት" ብሎ በቴሌግራም ጻፈልኝና ያንን ክፍል በሥራ ሰዓት፣ በቢሮው ኮምፒውተር ጻፍኩት። ስህተቴ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

አሁን ልለቅ ነው። ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ዋና ጽሑፍ) ካላስረከብክ ክሊራንስ አንሰጥህም ተባልኩ። እናንተ በነፃ መጠቀማችሁን ቀጥሉ፣ ኮዱ ግን የእኔ ይሁን ብዬ ሽማግሌ ሳይቀር ላክሁ። እምቢ አሉ።

አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አነበብኩት። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት ይጠበቃል፤ ሠራተኛ በቅጥር ሥራው የሠራው ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። የጨነቀኝ ይቺ "በቅጥር ሥራው" የምትለዋ ነገር ናት። ማስረጃ አለኝ፦ ጊት ላይ (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ ነው) እያንዳንዱ ለውጥ ከነሰዓቱ ተመዝግቧል፣ ከሪፖርቱ ክፍል በቀር ሁሉም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም እሁድ ነው።

ሕግ የምታውቁ ወይም እንዲህ ያለ ክርክር የገጠማችሁ፣ የዱቤ ሪፖርቱን ክፍል ብቻ ለይቼ ባስረክብ ቀሪው ኮድ በሕግ የእኔ ሆኖ ይቀራል ወይ?