የያሺካ ኤሌክትሮ 35 ሌንስ ነቅዬ ሶኒ ኤ6000 ላይ ልገጥም ነው፣ የሞከረ አለ? (ጅማ)

ሂርማታ_ልጅ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እዚህ ጅማ አንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት እቃውን ሲሸጥ ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ጂኤስኤን የሚባል የድሮ ፊልም ካሜራ በርካሽ አነሳሁ። ካሜራው ሞቷል ማለት ይቻላል፣ ሹተሩ (ለብርሃን የሚከፈት የሚዘጋው) ተጣብቋል የባትሪ ቤቱም አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፣ ባትሪው ራሱ ያ የድሮው 5.6 ቮልት ሜርኩሪ ስለሆነ አሁን አይመረትም። ሌንሱ ግን አቦ መስታወት ነው! 45 ሚሊ 1.7፣ ጭረት የለው ሻጋታ የለው። ቤት ውስጥ ሶኒ ኤ6000 አለኝ ከኪት ሌንሱ ጋር፣ ጓደኛዬ ደግሞ ካኖን 600ዲ አለው። ሌንሱን ነቅዬ ከሁለት ባንዱ ላይ መግጠም ይቻላል ወይ? ኦንላይን የያሺካ አዳፕተር ስፈልግ ብዙ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ አስመጣልሃለሁ ብሎኛል ግን ብሬን ከማውጣቴ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ነጋቲቭ
ብርህን ያዝ፣ እንዳታዘው። ያ የምታየው አዳፕተር ኮንታክስ/ያሺካ ለሚባለው ማውንት (ሌንሱ ቦዲው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት) ነው፣ ሌንሳቸው ለሚፈታው ኤስኤልአር ካሜራዎች የተሰራ። ያንተው ሌንሱ ከቦዲው ጋር የተሰራ ስለሆነ ማውንት የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፣ ስለዚህ ለሱ ተብሎ የተሰራ አዳፕተር የትም ሱቅ አታገኝም፣ ራስህ ነህ የምትሰራው።

የካኖኑን ነገር እርሳው። ካኖን ኢኤፍ (የጓደኛህ ካሜራ ማውንት) ላይ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊ ነው፣ መሀል ላይ ምስሉን ወደ ማያው የሚያንፀባርቀው መስታወት አለ። ያንተ ሌንስ ደግሞ ፊልሙ አፍንጫ ስር ገብቶ እንዲቀመጥ የተሰራ ነው። ካኖኑ ላይ ብትለጥፈው የሩቅ ነገር በፍፁም አይጠራልህም፣ አበባና ጉንዳን ማንሻ ብቻ ይሆናል። ሶኒው 18 ሚሊ ስለሆነ እሱ ላይ ቦታ አለህ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋር ነው፣ ሌንሱን ፈታ ፈታ አርጎ የፊቱን መስታወት ለብቻ የኋላውን ለብቻ አውጥቶ ቱቦ ውስጥ ሊገጣጥም ይሞክራል። አይሆንም! ኤሌክትሮ ላይ ሹተሩ በፊትና በኋላ መስታወቶቹ መሀል ነው ያለው፣ እና የሹተሩ ቤት ራሱ ነው በመሀላቸው ያለውን ርቀት ጠብቆ የሚይዘው፣ ያ ርቀት ትንሽ እንኳን ከተዛባ ምስሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ስለዚህ ሌንሱን ከነሹተር ቤቱ አንድ ላይ አውጣው። ወደ ሰርኪዩቱ የሚሄዱትን ሽቦዎች ቁረጣቸው፣ ካሜራው ሞቷል ካልክ አትዘንላቸው። ከዛ የፊቱን መስታወት ብቻ ፈተህ የሹተሩን ቅጠሎች በፒንሴት ልቀማቸው፣ መስታወቱን ወደነበረበት በደንብ አጥብቀህ መልስ። የዲያፍራሙ (የብርሃን ቀዳዳውን የሚያሰፋና የሚያጠበው) ቅጠሎች ሌላ ናቸው፣ እነሱን እንዳትነካ፣ ቀለበቱ ሌንሱ ላይ ስለሆነ ከ1.7 እስከ 16 በእጅህ እያዞርክ ትጠቀማለህ። ይሄ ነው ኤሌክትሮን ከሌሎቹ የሚያስመርጠው፣ ዲያፍራሙን ቦዲው በራሱ የሚቆጣጠርባቸው ኮምፓክቶች ላይ ከቦዲው ስትለየው መከራ ነው።

ፎከስ ግን ሌንሱ ላይ የለም። ኤሌክትሮ ሙሉ ሌንሱን ነው ወደፊት ወደኋላ የሚገፋው፣ የሚገፋው ክር ደግሞ ቦዲው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሄሊኮይድ (ሲዞር የሚረዝምና የሚያጥር ቀለበት) ያስፈልግሃል፣ ኤም42 የሚባለው የ42 ሚሊ ክር ያለው፣ ከ17 እስከ 31 ሚሊ የሚረዝመው በብዛት ይገኛል ከ12 እስከ 17 የሆነ ቀጭንም አለ። እሱን ከሶኒው ጋር በኤም42 ስስ አዳፕተር ታገናኘዋለህ። የትኛውን እንደምትገዛ በግምት አይደለም፣ ለካ። ሶኒውን ያለ ሌንስ አብርተህ የነቀልከውን ሌንስ በእጅህ ፊቱ ላይ ይዘህ ወደ ጂሬን ተራራ አዙረው፣ ወደፊት ወደኋላ ስታደርገው የሆነ ቦታ ላይ ተራራው ይጠራል። እዛ ላይ ከማውንቱ ፊት እስከ ሌንሱ ማረፊያ ያለውን በካሊፐር ለካ። እንበል 15 ሚሊ ከሆነ፣ የ17ቱ ሄሊኮይድ አይገባም ማለት ነው፣ ወይ ቀጭኑን ትገዛለህ ወይ የሌንሱን የኋላ ክፍል ሄሊኮይዱ ውስጥ ሰርጎ እንዲገባ ታደርጋለህ። ነፋስ ያለበት ቦታ አትሞክረው፣ ሴንሰሩ ክፍት ነው።

ቶርኖ_ቤት
እኔ ፎቶ አላውቅም ብረት ነው የማውቀው ግን እንዲህ አይነት ነገር አምጥተውልኝ ሰርቻለሁ። ሌንሱን ከሄሊኮይዱ ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት በአሉሚኒየም አስቆርጥ፣ ፒቪሲ በሙቀት ይለሰልሳል ሱፐር ግሉም ጭሱ መስታወቱ ላይ ነጭ ነገር ይለጥፋል፣ የግድ ማጣበቅ ካለብህ ኢፖክሲ ተጠቀም። ቶርኖ ቤት ስትሄድ እንደዚህ አይነት ቀዳዳ ብስልኝ ብለህ በእጅህ አታሳይ፣ የሌንሱን ማረፊያ ዲያሜትር፣ የሄሊኮይዱን ክር ውስጡን፣ ውፍረቱን ወረቀት ላይ ፅፈህ ሂድ፣ ከተቻለ እቃዎቹንም ያዝ። ኤም42 ክሩ ፒቹ (በጥርሶቹ መሀል ያለው ርቀት) 1 ሚሊ ነው፣ ማንም ቶርኖ ያወጣዋል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ባንድ አስራር ይውጡ፣ ስራውን ከመንደሪኑ (ከቶርኖው መያዣ) አውልቆ ገልብጦ ካሰረው መሀሉ ይዛባና ሌንሱ ያዘነብላል፣ በአንድ በኩል የጠራ በሌላ በኩል የደበዘዘ ፎቶ ይሰጥሃል። ሲጨርስ ብናኙን በቤንዚን እጠበው፣ ውስጡን ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ቀባው። እና ካሜራውን እዛ ይዘህ እንዳትመጣ በናትህ፣ የብረት ብናኝ አይን አይለይም።

ቡናማ_ፎቶ
ወንድሜ ሁሉም ያሉህ ልክ ነው ግን እኔ ብሆን መጀመሪያ ዜኒት የሚባለውን የሩሲያ ፊልም ካሜራ ነበር የምፈልገው። ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰዎች ቤት ዜኒት አይጠፋም፣ ላዩ ላይ ያለው ሄሊዮስ 44 ደግሞ 58 ሚሊ ኤፍ 2 ነው፣ በብዛት በኤም42 ክር ተፈቶ ይወጣል፣ ምንም መቁረጥ ምንም ቶርኖ የለም። ለጓደኛህ ካኖንም ይሆናል፣ የኤም42 ርቀት 45.46 ሚሊ ሆኖ ከካኖኑ 44 ስለሚበልጥ በስስ ቀለበት ይገባል። ኤሌክትሮውን ደግሞ መነካካት ካማረህ ቀጥል፣ የሞተ ካሜራ ነው ማንም አይወቅስህም። የሚሰራ ካሜራ ግን ለሌንሱ ብሎ የሚያርድ ሰው ያናድደኛል፣ ይሄን ስል ላንተ አይደለም።

ሌላ ደግሞ የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። ሌንሱ አሁን ንፁህ ነው ብለህ ቆዳ ቦርሳው ውስጥ መልሰህ ቁም ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጠው ክረምቱን ሳይጨርስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅልልሃል፣ ቆዳው ራሱ እርጥበት ይዞ ነው የሚቆየው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ እቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አድርገው፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ትንንሽ ከረጢት ሰብስብ፣ ሲርስ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት አድርቀው። ሩዝ የሚሉህን አትስማ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

ሂርማታ_ልጅ
ኧረ ዕድሜ ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እትዬ ቡናማ በተለይ ቆዳ ቦርሳው ውስጥ ነበር አሁን አወጣሁት 😂 ነጋቲቭ፣ ገጥሜ ስጨርስ ሶኒው ሌንስ የለም ብሎ እምቢ አይለኝም? እና 45 ሚሊው ስንት ሆኖ ነው የሚታየኝ?

ነጋቲቭ
ይላል። ሜኑ ውስጥ «ያለ ሌንስ ማንሳት» (Release w/o Lens) የሚለውን ፍቀድለት። ሞዱን ኤ (A) ላይ አድርገው፣ የሹተር ፍጥነቱን ራሱ ይመርጣል አንተ ዲያፍራሙን ብቻ ታዞራለህ። ፎከስ ፒኪንግ (የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየውን) አብራ፣ ግን 1.7 ላይ ፒኪንጉን ብቻ አትመን፣ ምስሉን አጉላና አይኑ ላይ አረጋግጥ። የኤ6000 ሴንሰር ከፊልም ፍሬም ስለሚያንስ 1.5 ጊዜ ይቆርጣል፣ ስለዚህ 45ቱ 67 አካባቢ ሆኖ ይታይሃል፣ ለሰው ፊት ቆንጆ ነው፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ግን ጀርባህ ግድግዳ ይነካል። የመቁረጡ ጥቅም ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው መጥፎ ነገር ከፍሬም ውጭ መቅረቱ ነው። ፀሀይ ፊት ለፊት ስታነሳ በእጅህም ቢሆን ጋርድለት፣ የድሮ ኮቲንግ (የመስታወት ቅብ) ነው ቶሎ ይነጣል።

ሚኒቱዋ
ይቅርታ ልግባበትና፣ እኔ ደግሞ ፍላሽ አብሮት የተሰራ የ90ዎቹ ትንሽዬ ፕላስቲክ ኮምፓክት አለኝ፣ እሱንም እንደዚህ ፈትቼ ብሞክርስ?

ነጋቲቭ
እህቴ ቆይ እንዳትከፍቺው! ፍላሹ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚው) 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ባትሪ አውጥተሽም ለብዙ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋር ወስደሽ በሬዚስተር ያራግፍልሽ፣ በካቻቢቴ ማገናኘት የሚሉሽን አትስሚ ብልጭታው ያቃጥላል። ከዛ በኋላም ቢሆን የነዚህ ሌንስ ዲያፍራም ቀለበት የለውም፣ ብዙዎቹ ላይ ሹተሩ ራሱ ነው ዲያፍራም የሚሆነው፣ ሲከፈት ሙሉ ክፍት ነው የምታነሺው። ለመጫወት ይሆናል፣ የኤሌክትሮውን ያህል ግን አትጠብቂ።