ዘፋኝ ወደሌለው የማታ ኮንሰርት አባቴን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ቅዳሜ ማታ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ ክፍት ግቢ ለሚቀርብ ኮንሰርት ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ። ባንዱ ዘፋኝ የለውም፤ አንድ ዜማ ይዞ መድረኩ ላይ እየፈጠረ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይጫወታል ይባላል። አብረውኝ እንዲሄዱ ያሰብኩት ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት አባቴ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሙቀትም ይከብዳቸዋል፤ ሙዚቃ ግን ነፍሳቸው ነው፤ የዓሊ ቢራን ዘፈኖች እስከ ዛሬ በካሴት ያዳምጣሉ። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ይሰለቻቸው ይሆን? የት ብንቀመጥ ይሻላል? በስልኬ ልቅዳላቸው ብልስ ነውር ይሆንብኛል?

መልስ፣ ከሳቢያን

ይዘዋቸው ይሂዱ፤ መቀመጫው ላይ ግን ይጠንቀቁ። እኔ ባለፈው ዓመት እናቴን ወስጄ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ስላስቀመጥኳቸው በማግስቱ ጆሯቸው ሲጮህባቸው ዋለ፤ ቀድሜ ባለማሰቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ይፈልጉና ከጎኑ ወንበር ያስይዙ፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያው ሆኖ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ ግቢው ውስጥ ከዚያ የተሻለ መስሚያ አይገኝም። ጄኔሬተሩ ካለበት ወገን ይራቁ። የሰኔ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የግንቡ ግድግዳ የዋጠውን ሙቀት ጀንበር ከጠለቀች በኋላም ስለሚተፋ፣ ግድግዳ ተደግፎ ከመቀመጥ ነፋስ የሚያገኘው መሀሉ ይሻላል። አባትዎ ሽርጣቸውን ታጥቀው ቢመጡም የሚገረም የለም። ለመመለሻ ባጃጅ አስቀድመው ይነጋገሩ።

መልስ፣ የከዚራ ልጅ

እንዲህ ያለውን አጨዋወት አሜሪካኖቹ ጃም ይሉታል፤ ስሙን ካስጠሩት ባንዶች ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ግሬትፉል ዴድ ነው። የሚጫወቱት ከምሽት ምሽት ስለሚለያይ፣ ትናንት የሰማቸው ሰው ዛሬም ተመልሶ ይመጣ ነበር። አድማጮቻቸው እንዲቀዱ ይፈቅዱ ነበር፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1984 ለሚቀዱት ሰዎች ከሚክሰሩ ጀርባ የተለየ ቦታ ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ መቅዳቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ከባንዱ አባላት አንዱን ቀድመው ያስፈቅዱ፣ ስልኩንም ከፍ አድርገው የኋላውን ሰው አይጋርዱ።

ስለ መሰልቸቱ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። አዝማሪ ከአድማጩ ስም ተቀብሎ ግጥሙን እዚያው እንደሚቋጥር ሁሉ፣ እነዚህም ዜማውን እዚያው ይቋጥሩታል። አባትዎ ገና ሲጀመር መነሻውን ዜማ ልብ ይበሉት፤ ከዚያ ጊታሩ ርቆ ሲሄድ አብረው አይሩጡ፣ ባስ ጊታሩን ይከተሉ። ባሱ ቤቱን ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ወጥተው ይዞራሉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ መነሻ ዜማ ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማው ደስታ በአምስት ደቂቃ ዘፈን የሚገኝ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተነስቶ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

መልስ፣ ከመጋላ

አንድ ምሽት እዚሁ ከተማ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ባንዱ ረጅም ጨዋታ መሀል እያለ የዒሻ አዛን ተሰማ። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ፣ ሳክስፎን ነፊው በመሀረብ ጣቶቹን አበሰ፣ ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ። አዛኑ ሲያበቃ ባሲስቱ ያቆመባትን አንዲት ኖታ ብቻዋን መታ፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አላወረዱም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጽሑፋችሁን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ከሚክሰሩ ጎን መቀመጡን ወደውታል፤ ነገር ግን ባስ የሚጫወተው ልጅ ጣቶች ከዚያ ይታዩ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ነገ ከሰዓት ግቢው ድረስ ሄጄ አያለሁ።