ዲስኩ አልጽፍም ሲል ፕሮግራሙ ምን ይነገረው?

ፒያሳና አካባቢው ሰርቨር የምናስተዳድር ሰዎች የተከራከርንበት ጥያቄ፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ዲስክ ላይ መጻፍ ሲያቅተው ስህተቱን ለፕሮግራሙ አንዴ ነግሮ ዝም ይላል። ይበቃል?

ከፒያሳ፦ በፍጹም አይበቃም። «ራይት» (ጻፍ) ስትል ዳታው የሚያርፈው ራም ላይ ነው፤ «ተሳክቷል» የተባልከውም ለእሱ ነው። ዲስክ ላይ የሚወርደው ቆይቶ ነው፤ በተለመደው ሴቲንግ 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል። ያኔ ዲስኩ እምቢ ካለ፣ «ዳታውን አሁኑኑ ዲስክ ላይ አውርድ» የሚለው ትእዛዝ «ኤፍሲንክ» ስህተት ቁጥር 5ን፣ ኢአይኦን (የማንበብ/የመጻፍ ስህተትን)፣ ይመልሳል። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያልተጻፈውን ገጽ፣ ማለትም ዳታው ያረፈበትን ትንሽ የራም ቁራጭ፣ «ተጽፏል» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ኤፍሲንክን ስትደግመው 0፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመጣል። ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ፋይሉን መልሰህ ብታነበው እንኳ አዲሱን ከራም ያሳይሃል። ራም ጠቦ ገጹ ሲለቀቅ ግን ከዲስኩ አሮጌው ብቅ ይላል። የደንበኛ ሂሳብ ቢሆንስ? ሌላው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፍሪቢኤስዲ ገጹን እንዳልተጻፈ ይዞ ይቆያል፤ ትክክሉ እሱ ነው።

ከመርካቶ፦ ፍላሽ ሲነቀልስ? እንዳልተጻፈ የተያዘው ገጽ መቼም አይጻፍም። ያልተጻፈው ተከማችቶ ከነጻው ራም 20 በመቶ ሲደርስ ሌላውም ፕሮግራም ለመጻፍ ቆሞ ይጠብቃል። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ የዩኤስቢ ዲስክ ሲቋረጥ ሲመለስ ነው የሚውለው።

ከፒያሳ፦ የተነቀለውና ለጊዜው ያቃተው አንድ አይደሉም። የተነቀለው ይጣል።

ከአራት ኪሎ፦ ወንድሞቼ፣ የጎደለው «የት?» ነው። ራም ሲበላሽ ከርነሉ ለፕሮግራሙ «ሲግባስ» የሚባል ሲግናል (የማስጠንቀቂያ መልእክት) ልኮ የተበላሸውን አድራሻ ይነግራል። ሲግናሉን የሚቀበል ኮድ ያለው ፕሮግራም፣ ገጹ ካሽ (ዲስክ ላይ ያለ ነገር ቅጂ) ብቻ ከሆነ፣ ጥሎት እንደገና ይጭናል፤ አይሞትም። ኤፍሲንክ ግን 100 ጊጋባይት ፋይል ላይም ያው ቁጥር 5 ነው። ሴክተሩ (ያቃተው የዲስክ ቦታ) የከርነል ሎግ (መዝገብ) ላይ አለ፤ ነገር ግን ፕሮግራም የሎግ ጽሑፍ ሲፈታ ይኑር ማለት ነውር ነው። ከስንተኛው ባይት እስከ ስንተኛው እንዳልተጻፈ ከስህተቱ ጋር ይመለስ።

ከካዛንቺስ፦ እስከዚያው፣ እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ ከርነል 4.13 ወዲህ ስህተቱ ፋይሉን ከፍቶ ለያዘ ሁሉ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ግን አንዴ ብቻ። ስለዚህ የከሸፈ ኤፍሲንክ አትድገሙ። ዳታውን ከራሳችሁ ሜሞሪ ወደ አዲስ ፋይል ጻፉ፣ ኤፍሲንክ አድርጉ፣ ስሙን በአሮጌው ስም ቀይሩት (ሪኔም)፣ ከዚያ ፎልደሩንም ኤፍሲንክ። ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻዋን ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኤፍሲንክ ሲከሽፍበት ራሱን አቁሞ ከዋል ፋይሎቹ (ለውጦቹን አስቀድሞ ከሚመዘግብባቸው) ይነሳል።

ከአራት ኪሎ፦ እሱስ ቢሆን ሙሉ ዳታቤዙን የሚያቆመው የትኛው ገጽ እንደጠፋ ስላልተነገረው አይደል? ቢነገረው እነዚያን ገጾች ብቻ ከዋል መመለስ ይችል ነበር።