ለጀማሪ ብስክሌተኛ ስንት ብር ይበቃዋል? ሄልሜት የሌለውስ ቅዳሜ ይውጣ ወይስ ይቅር?

አስተባባሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንድ ልጅ ወደ ቡድናችን ገብቶ «ሳይክል መጀመር እፈልጋለሁ፣ ምን ምን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀ። ማታ ስልኬን ስከፍት 47 መልስ ተደርድሯል። ጓንት፣ መነጽር፣ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ፣ ፔዳል ላይ የሚቆለፍ ጫማ፣ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ዕቃ፣ ምኑ ቅጡ። ልጁ «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ። ወደ መንገድ እንዳይመስላችሁ፣ ከቡድኑ ነው የወጣው። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር። ጀማሪ በእውነት ምን ያህል ማውጣት አለበት? ሌላው ደግሞ ባለፈው የቀረበው ሐሳብ ነው፤ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ሄልሜት የሌለው ሰው አብሮን አይወጣም ይባል ወይስ አይባል? የራሴን ላስቀድም። የሚሠራ ፍሬን፣ ልክ የሆነ መቀመጫ እና ቁልፍ ካለው ሌላው ይደርሳል ባይ ነኝ። ሄልሜቱ ላይ ግን ልቤ ሁለት ነው።

ባለ ማልያው፦ ከ47ቱ 9ኙ የኔ ናቸው፣ አልክድም። ግን ክፉ አላሰብኩም። እኔ ስጀምር ርካሹን ሁሉ ሰብስቤ በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ገዛሁት። ፖምፓ ሁለቴ፣ መብራት ሦስቴ። ልጁ እንደኔ እንዳይከስር ብዬ ነው።

ባለ ፊኒክስ፦ እናንተ ልጆች ታስቁኛላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ ፊኒክስ ሳይክሌን ይዤ ሌሊት ፈረቃ እገባ ነበር። ማርሽ የለው፣ ምን የለው። አንዱ ፔዳል ተሰብሮ በብረቱ ዘንግ ብቻ አንድ ክረምት ነድቻለሁ። ኋላው ላይ አንዴ ባለቤቴን፣ አንዴ ግማሽ ኩንታል ጤፍ። ቁምጣ አትሉኝም! በጋቢ ነበር የምነዳው።

የማርቆስ ልጅ፦ ጋሼ፣ በክብር ነው የምናገረው፣ እርስዎ የነዱት ሜዳ ላይ ነው። ባሕር ዳር እኮ የተነጠፈ ምንጣፍ ናት። ደብረ ማርቆስ ይምጡና ያለ ማርሽ አንዲት ዳገት ይውጡልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። እኔና ጓደኛዬ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹ መውረድ፣ ግማሹ መውጣት። ልብስ ላይ ብዙ ብር አውጥተናል። ማልያችን ያንጸባርቃል። የፍሬን ላስቲኬን ግን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ሩብ መንገድ እንደወረድን የፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው ድረስ መጣልኝ። የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ከኋላዬ የጭነት መኪና አለ፣ በስተቀኝ ገደል ነው። በጫማዬ አስፋልቱን እየፋቅሁ ወደ ተራራው ወገን ያለ ቦይ ውስጥ ገባሁና ቆምኩ። የጫማዬ ሶል አልቆ ካልሲዬ ይታይ ነበር። ላስቲኩ ከአንድ ምሳ አይበልጥም እኮ! ከዚያ ቀን ወዲህ ማልያ የሚል ሰው ሳይ ያንገሸግሸኛል።

መካኒኩ፦ አሁን ወሬ መጣ። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ይቅርታ። ጀማሪ ሁሉ «ስንት ብር ያለው ሳይክል ልግዛ» ይለኛል። አዲስ ርካሽ ከሚገዛ ያገለገለ ደህና ሳይክል ቢገዛ ይሻላል እላለሁ። አዲሱ ርካሽ ሾክ፣ ማለትም ንዝረት የሚቀንስ ስፕሪንግ፣ አለው፣ ሁለት ሾክ እንዲያውም፣ ግን ሾኩ ክብደት እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ያገለገለ ስትገዙ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ጎማውን አንሡና አሽከርክሩት፣ እየተወላገደ ፍሬኑን ይነካ እንደሆነ እዩ። የፊት ፍሬን ያዙና ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ግፉት፣ መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ ላልቷል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ መሪው የገባበት ቱቦ ሥር ያለውን ቀለም በጣታችሁ ዳስሱ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም አዲስ ከተቀባ ብረቱ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ጥላችሁ ሂዱ። ባለፈው አንዱ እንዲህ ተቀብቶ የተሸጠለትን አመጣልኝ። ቀለሙን በጥፍሬ ሳነሳው ከሥሩ በሙጫ የተሞላ ስንጥቅ። ሻጩን ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም ይሸጣል።

ስለ ዘይትም ልናገር። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሰንሰለት ላይ አትጨምሩ ብዬ ስንቴ ልጩኽ? አቧራውን ይስብና አሸዋ ይሆናል፣ ሰንሰለቱንም ጥርሱንም ይበላዋል። ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉት። ደረቅ እስኪመስላችሁ ድረስ። ነፃ ምክር ነው።

ጀማሪዋ፦ እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ከጀመርኩ ሦስት ወር ነው። ያወጣሁትን ልቁጠርላችሁ። ያገለገለ ሳይክል 8,500 ብር። መካኒኩ ጋር የፍሬን ላስቲክ፣ የፍሬን ሽቦ፣ አንድ ካላማዳሪ ከእጅ ዋጋ ጋር 1,800። ቁልፍ 700። እስከዚህ ደግ ነው። ከዚያ መቀመጫው ገደለኝ። ሁለት ቀን ነድቼ ሁለት ቀን እተኛለሁ። እዚሁ ቡድን «ጄል ያለው ሽፋን ግዢ» አሉኝ፣ ገዛሁ። ባሰብኝ። «ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ግዢ» አሉኝ፣ ገዛሁና በቀሚስ ሥር ለበስኩት። ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ እንደማይለበስ ማንም አልነገረኝም! ቆስዬ ነው የተማርኩት። መጨረሻ ላይ መካኒኩ አየኝና ሳቀ። «እታለም፣ መቀመጫሽ ዝቅ ብሏል፣ ክብደትሽ ሁሉ እዚያው ላይ ነው» አለኝ። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ወደታች ሳወርደው እግሬ ቀጥ እስኪል ድረስ መቀመጫውን አራት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። አንድ ብሎን ነው የፈታው። አላስከፈለኝም። ሽፋኑን አሁን ድመቴ ትተኛበታለች።

አንድ ነገር ደግሞ። ስለ ቀሚስ ማንም አያወራም። የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ፣ ዘንባባዎቹ ሥር፣ ቀሚሴ ሰንሰለት ውስጥ ገባ። ወድቄ ሳይሆን ቆሜ ነው የቀረሁት፣ ታስሬ። አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ መጥታ ፔዳሉን ወደኋላ እያዞረች ፈታችኝ። የጋሼ ፊኒክስ እኮ የሰንሰለት ክዳን አለው! ማርሽ ያለው አዲሱ የለውም። አሁን ቀሚሴን በፀጉር ላስቲክ አስራለሁ። አምስት ብር።

ባለ ፊኒክስ፦ ተባረኪ ልጄ። ክዳኑን አስታወስሽልኝ።

ነርሱ፦ ስለ መቀመጫና ስለ ላስቲክ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመልሳችሁ። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። የተሰበረ ክንድ ይጠገናል። ጭንቅላት እንደዚያ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት አለ፣ ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን መረጃ አንድ ላይ አድርጎ ያየ። ሄልሜት ያደረጉት ላይ ከባድ የራስ ጉዳት የመድረሱ ዕድል በ69 በመቶ ያነሰ ነበር። ጓንቱን ተዉት፣ መነጽሩን ተዉት። ሄልሜት ግን ግዴታ ይሁን። ባለ 1,500 ብሩም ይበቃል፣ ውዱ የሚሻለው በአብዛኛው በቅለቱና በአየር ማስገቢያው ነው።

ተከራዩ፦ እኔ 11ኛ ክፍል ነኝ። ሳይክል የለኝም፣ በሰዓት እየተከራየሁ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከናንተ ጋር የምወጣው። የሁለት ሰዓት ኪራይ ለማጠራቀም ሳምንቱን ሙሉ ሻይ አልጠጣም። ሄልሜት ግዛ ካላችሁኝ ቀርቻለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

ባለ ማልያው፦ ይኸው! እኔ ዕቃ ወዳድ ነኝ፣ ግን ግዴታ ሲባል አልወድም። አውስትራሊያ ራሷን እንውሰድ። ቪክቶሪያ ግዛት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች፣ ሕጉ ሰዎችን ከሳይክል አራቀ እንጂ ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። ሆላንዶች ደግሞ ሕፃን አዋቂው ይነዳል፣ ባዶ ራሱን ነው አብዛኛው።

ነርሱ፦ ሆላንድ ለሳይክል የተለየ መንገድ አለ ወንድሜ። ብስክሌተኛው ብዙ ቦታ ከመኪና ጋር አይጋፋም። እኛ ጋ ባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ፣ በ380 ሜትሩ ላይ፣ የብስክሌት መስመር አለን፣ እሰየው። ከድልድዩ እንደወረድክ ግን ከባጃጅ፣ ከጋሪና ከአህያ ጋር ነህ። ባጃጅ ተሳፋሪ ያየ እንደሆነ ፍሬቻ አያሳይም፣ እጥፍ ነው የሚለው። አንተስ በጥቅምት እንዲያ አይደል የወደቅኸው?

ባለ ማልያው፦ ነው። ግን ሄልሜት አድርጌ ነበር።

ነርሱ፦ ታዲያ ምን እያልኩህ ነው?

የእንጅባራው፦ ከአዊ ነኝ፣ ስለ ፈረስ ካላወራሁ አይሆንልኝም። ጥር 23 መጥታችሁ ፈረሰኞቻችንን ብታዩ ፈረሱ ከሰውየው በላይ ለብሶ ነው የሚወጣው። ግን ማንም በዚያ ጌጥ አልጀመረም። እኔ ያለ ኮርቻ ነው የተማርኩት፣ ልጓም ብቻ ይዤ። አባቴ ኮርቻውን የሰጠኝ መውደቅን ከለመድኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁን ተዉት ይንዳ፣ ፈረሱም ያውና ሜዳውም ያውና።

መካኒኩ፦ ልጓም ብቻ ይዤ አልክ አይደል? ልጓሙ ፍሬኑ ነው። ለኔ አገዝከኝ።

ነርሱ፦ መውደቅን ከለመድኩ በኋላ ይላል ደግሞ። ሣር ላይ ነው የወደቅኸው፣ አስፋልት ላይ አይደለም።

የማርቆስ ልጅ፦ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የአስመራው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የቀን ውድድር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የለበሰ ሰሞን የኛ ከተማ ልጅ ሁሉ አረንጓዴ ማልያ ገዛ። ጎማው ግን ነፋስ የለውም። ስንት እንደሚሞላ ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ሳለ በአውራ ጣት ጫን አድርጎ «በቂ ነው» ይላል። ከዚያ ዳገት ላይ «ሳይክሌ ከባድ ነው፣ ልቀይር» ይላል።

ባለ ማልያው፦ እኔም ገዝቻለሁ። ጎማዬ ግን ሙሉ ነው፣ እንዲያውም።

አስተባባሪው፦ እሺ፣ ሰማኋችሁ። ገንዘቡ ላይ ብዙም የተለያየን አይመስለኝም። ለሚጠይቅ ሰው የጀማሪዋን ሒሳብ እልክለታለሁ፣ ያለ ጄሉ። ሄልሜቱ ላይ ግን ነርሱ ያለውን ስሰማ ወደሱ አዘነብላለሁ፣ ተከራዩን ስሰማ ደግሞ አፈርኩ። ሳምንቱን ሻይ ትቶ የሚመጣን ልጅ በር ላይ ልመልሰው? አልችልም። ስለዚህ ሄልሜት ይኑር፣ ገዝቶ ግን መሆን የለበትም። ቤታችን አቧራ የሚጠጣ ሄልሜት የለም እንዴ? እኔ አንድ አለኝ። የሚያውስ ይናገር።

ነርሱ፦ ሁለት አመጣለሁ። ውሰት ከሆነ ግን ጠዋት ጠዋት እኔ ራሴ አስራለሁ። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት፣ ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ይገጥማል። ወደኋላ የተንጋለለ ሄልሜት ኮፍያ ነው። ልክ ያልሆነለትም ሰው ቢኖር ከከተማ አይወጣም፣ እዚያ ላይ አልለዝብም።

ባለ ማልያው፦ እኔም አንድ አሮጌ አለኝ፣ ነጩን።

መካኒኩ፦ ነጩን? በጥቅምት ባጃጁ የጣለህን?

ባለ ማልያው፦ አዎ። ትንሽ ነው የተጫረው።

መካኒኩ፦ ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንዴ ከተመታ ተጨፍልቋል፣ ከውጭ አይታይም፣ ሁለተኛ አያድንም። እሱን ዶሮ አስታቅፍበት።

ባለ ፊኒክስ፦ ይኸው የኔ ጋቢ ተመሰገነ። ስንቴ ወድቄ ስንቴ ተነሥቻለሁ፣ ጋቢዬ አልተጨፈለቀም።

ነርሱ፦ ጋሼ፣ ለርስዎም አንዱን አመጣለሁ።

ባለ ፊኒክስ፦ እኔ አላደርግም።

ነርሱ፦ ያደርጋሉ።

ተከራዩ፦ ውሰት ከሆነ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት ነው?

አስተባባሪው፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ድልድዩ መግቢያ። እስከ 12:15 ነው የምንጠብቀው፣ መካኒኩ የሁሉንም ፍሬን ያያል።

ጀማሪዋ፦ እኔም ውሰት ነው የምፈልገው። ግን እሑድ ሠርግ ስላለብኝ ዓርብ ሹሩባ ልሠራ ነው፣ ወፍራም ነው። ከወንዶቹ ማን ነው ጭንቅላቱ ትልቅ?

መካኒኩ፦ ባለ ማልያው።