ሥራው ሲረዝም ከውሻው ጋር ማን ይዋል? ለአዳማ ነዋሪዎች የቀረበ ጥቆማ

ባለፈው ዓመት ሞጆ አካባቢ በምሠራበት መጋዘን የሥራ ሰዓታችን ተራዝሞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአዳማ ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ላይ የምመለስባቸው ቀናት እየበዙ መጡ። የምኖረው ብቻዬን በመሆኑ፣ ነብሮ የሚባለው የ4 ዓመት ውሻዬ በእነዚያ ቀናት 14 ሰዓት ሙሉ የሰው ፊት ሳያይ ይውል ነበር። ልስጠው ወይስ ላቆየው የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አምስት ወር ያህል ፈጅቶብኛል። በእነዚያ ወራት የሞከርኳቸውን አገልግሎቶችና የገዛኋቸውን ነገሮች እያነጻጸርኩ የምጽፈው፣ ዛሬ በዚያው ጭንቀት ውስጥ ያለ የከተማችን ነዋሪ ተቻኩሎ እንዳይሰጥ፣ በይሉኝታም ታስሮ ከሚገባው በላይ እንዳያቆይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መቆጠር ያለበት የሥራችን ሰዓት ሳይሆን ውሻው በተከታታይ ያለ ሰው የሚቆይበት ሰዓት ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ከቀንና ከሌሊቱ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን የሚያሳልፈው በእንቅልፍ ስለሆነ፣ እስከ 6 ሰዓት ብቻውን ቢቆይ ብዙም አይጎዳም፤ የ3 ወር ቡችላን ግን ከ3 ሰዓት በላይ ብቻውን መተው አይገባም። አሥራ አራት ሰዓት በአንድ ወጥ ብቻውን የሚቆይ ውሻና ሰባት ሰባት ሰዓት ሁለት ጊዜ የሚቆይ ውሻ፣ ድምሩ እኩል ቢሆንም ኑሯቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው በመጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው መሃል ላይ መጥቶ ቀኑን ለሁለት የሚከፍልለትን ሰው ነው።

ስለ ሰዓቱ ከአሠሪ ጋር መነጋገርም ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ሲወስን፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህም ማለት በየቀኑ ሙሉ 4 ሰዓት ትርፍ ከተሠራ፣ እንዲህ ያሉት ቀናት በሳምንት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። እኔ አለቃዬን የጠየቅኋቸው ትርፍ ሰዓቱ እንዲቀርልኝ ሳይሆን ቀኖቹ አስቀድመው ተለይተው እንዲታወቁ ነበር፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተብሎ ከተወሰነ በኋላ፣ በእነዚህ ቀናት ሁለት ጊዜ፣ በሌሎቹ የሥራ ቀናት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ረዳት መፈለግ ቻልኩ።

ረዳት ከመቅጠሬ በፊት ግን ውሻው በእርግጥ ምን እንደሚያስቸግረው ለማወቅ አሮጌ ስልኬን መስኮት ላይ አቁሜ እየቀረጸ እንዲውል አደረግሁ። ይህ ምንም ወጪ የሌለውና ሁሉም ሰው ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው። መለየት የሚያስጨንቀው ውሻ ሁከቱ የሚበረታው ባለቤቱ ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በሩን ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ የተቀመጠለትን ምግብ አይነካም። የሰለቸው ውሻ ግን መጀመሪያ ተኝቶ ይቆይና ረፋዱ ካለፈ በኋላ ጉድጓድ መቆፈር፣ የተሰጣ ልብስ ማውረድ ይጀምራል። ነብሮ ከሁለተኛዎቹ ስለነበረ፣ በቀን አንድ ሰው ቢመጣለት እንደሚሻለው ተረዳሁ። የመጀመሪያው ዓይነት ችግር ያለበት ውሻ ለቀናት ሳይሆን ለወራት የሚዘልቅ፣ ከአምስት ደቂቃ መለየት የሚጀምር ልምምድ ስለሚያስፈልገው፣ ሰዓቱ የረዘመበት ሰው ይህን ብቻውን እወጣዋለሁ ብሎ ባይጀምር ይሻላል። ብዙዎች የመከሩኝ ሁለተኛ ውሻ እንድጨምር ነበር። ውሻው የናፈቀው ሰው እስከሆነ ድረስ ግን ሁለተኛው ውሻ ወጪውን ከማብዛት አልፎ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ለረዳትነት ሦስት ዓይነት ሰው ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ልብስ የምታጥብልኝ ተመላላሽ ሠራተኛ ነበረች። ታማኝነቷ የማያጠራጥር ቢሆንም ውሻ ስለምትፈራ፣ ምግቡን ከበሩ ሥር አስቀምጣ ትሄድ ነበር፤ ፍርሃትን በተጨማሪ ክፍያ ማሸነፍ አይቻልም፣ ማስገደድም ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው የጎረቤት ሕንፃ ዘበኛ ሲሆኑ፣ ሁልጊዜ በቅርብ መገኘታቸው ትልቅ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ውሻ ቀን ታስሮ ካልዋለ ሌሊት ኃይለኛ አይሆንም የሚለውን የቆየ እምነት ስለሚያምኑበት፣ ስመለስ ነብሮን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ አገኘው ነበር። ለረጅም ሰዓት የሚታሰር ውሻ የሚያተርፈው ጥበቃ ሳይሆን ፍርሃትና ቁጡነት ነው፤ ቁጡ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የቤቱን እንግዳ አይለይም።

ከሦስቱ በሙሉ ልብ የምጠቁመው የፈረቃ ተማሪን ነው። የከሰዓት በኋላ ፈረቃ የሚማር የ10ኛ ክፍል የሰፈራችን ልጅ፣ ከወላጆቹ ጋር ተነጋግረንና በጽሑፍ ተስማምተን፣ በወር 2000 ብር እየተከፈለው ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እየመጣ ለ45 ደቂቃ ያህል በገመድ ይዞ ያንሸራሽረው፣ ውኃውን ይቀይርለትና ፎቶግራፍ ይልክልኝ ነበር። በረዣዥሞቹ ቀናት ደግሞ ከትምህርት ሲመለስ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ለአጭር ጊዜ ይጎበኘው ነበር። የሰው ልጅ በአደራ የሚረከብ ሰው ግን ሁለት ነገር ማረጋገጥ አለበት። አንደኛው የውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ነው። ሁለተኛው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ልጁንም ሆነ መንገደኛ ቢነክስ፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግ ለልጁም ለወላጆቹም አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሕክምናን በተመለከተ ለአዳማ ሰው ሦስት መንገድ አለ። የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ክፍያው ዝቅተኛ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ከብት፣ በግና ፍየል ላይ በመሆኑ፣ የውሻ ክትባት መኖሩን ሳይጠይቁ ፈቃድ ወስዶ መሄድ ቀን ያባክናል። ቤት ድረስ የሚመጣ የግል የእንስሳት ሐኪም ይበልጥ ያስከፍላል፤ ሰዓት ለጠበበበት ሰው ግን ተመራጩ እሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ በአዳማ ሙቀት በኪስ ወይም በተራ ቦርሳ የመጣ ብልቃጥ እንዲወጋ አትፍቀዱ። በረዶ ባለው መያዣ መምጣቱን ተመልከቱ፣ የብልቃጡም መለያ ወረቀት በክትባት ካርዱ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቁ። ሦስተኛው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ለተራ ክትባት ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም፤ ለማኮላሸትና ለከበደ ሕመም ግን የአንድ ቀን ፈቃድ መውሰድ ይገባል። ውሻን ለሌላ ሰው ለመስጠት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቢያኮላሸው፣ ለማራባት ብቻ ከሚፈልጉት ሰዎች ይጠብቀዋል።

ምግብ ላይ ያጠፋሁት ገንዘብ ብዙ አስተምሮኛል። ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ የማይበላሽና ለረዳትም ለመስጠት የማያስቸግር ቢሆንም፣ ዋጋው ለትልቅ ውሻ በየወሩ የሚቻል አይደለም፤ ስለዚህ ለረዣዥሞቹ ሦስት ቀናት ብቻ አስቀርቼዋለሁ። በሌሎቹ ቀናት ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባና ጉበት ከሩዝ ጋር አበስልለት ነበር። ሳንባና ጉበት በጥሬው መስጠት አደገኛ ነው፤ አንዳንዴ በውስጡ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ውሻው አንጀት ውስጥ ወደሚያድግ፣ ከዚያም ዕንቁላሉ ወደ ሰው ወደሚተላለፍ የኮሶ ትል ዝርያ ይለወጣልና። በደንብ መቀቀል፣ በየሦስት ወሩም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል። ከቤት የሚተርፍ እንጀራ አይጎዳም፤ የወጥ ትርፍራፊ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የምገዛው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር፤ ለውሻ መሆኑን ስነግራቸው ሳንባውን ለይተው ያስቀምጡልኝ ነበር።

የውሻ ቤት ከቆርቆሮ ብቻ የተሠራ መሆን የለበትም። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ስለሆነ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሐሩር እንዲህ ያለው ቤት ምድጃ ይሆንበታል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቤት በዛፍ ጥላ ሥር፣ ውኃውም ከፕላስቲክ ይልቅ በማይገለበጥ ከባድ የሸክላ ዕቃ ይበቃል።

በዚህ ሁኔታ አራት ወር አቆየሁት፤ ሥራዬ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አብሮኝ ይኖር ነበር። ከጥር ጀምሮ የሌሊት ፈረቃ ሲጨመርብኝ ግን ልጁን ሌሊት እንዲመጣ መጠየቅ አይቻልም፤ ነብሮም ቀን ስተኛ በር ላይ ቆሞ፣ ሌሊት ብቻውን ሲጮኽ እያደረ ጎረቤቶቼ እንቅልፍ አጡ። ለመስጠት የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። የምጠቁመውም መለኪያ ይኸው ነው፤ ቀኑን ለሁለት የሚከፍልለት ሰው በገንዘብም በዝምድናም ማግኘት እስከተቻለ ድረስ አይሰጥም፤ ካልተቻለ ግን እየወደዱት ማቆየት ለእሱ አይጠቅመውም።

ለመውሰድ የጠየቁኝ አራት ቦታዎች ነበሩ። አንድ የግንባታ ካምፕ ሰፊ ግቢ ነበረው፤ ሄጄ ሳየው ግን ሁለት ውሾች ከብሎኬት ክምር አጠገብ በፀሐይ ታስረው ስላገኘሁ ተመለስኩ። አንድ የእንግዳ ማረፊያም በተመሳሳይ መንገድ ለጥበቃ ብቻ ይፈልገው ነበር። ሦስተኛው ገጠር የሚኖር ዘመድ ነው፤ ሰዎች ገጠር ለውሻ ነፃነት ነው ይላሉ፣ ነገር ግን ከበግና ከዶሮ ጋር ያላደገ የከተማ ውሻ አንድ በግ ባባረረ ቀን ይመታል፣ ሌሊት ውጭ ካደረም የጅብ ራት ይሆናል። አራተኛዎቹ ወንጂ የሚኖሩት፣ ጡረታ የወጡት አጎቴና ባለቤታቸው ናቸው። ግቢያቸው ከእኔ ግቢ ይጠባል፤ ሆኖም ከጠዋት እስከ ማታ ከሁለት አንዳቸው ከቤት አይጠፉም። የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠያቂ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ግቢው ምን ያህል ነው ብላችሁ ሳይሆን ቀን ማን አብሮት ይውላል ብላችሁ እንዲሆን እለምናለሁ። ገበያ አካባቢ ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ መልቀቅን ግን እንደ አማራጭ እንኳ አልቆጥረውም፤ የሚጠብቀው ረኃብ፣ መኪና ወይም ለባዘኑ ውሾች የሚበተን መርዝ ነው።

ርክክቡን በአንድ ቀን አላደረግሁትም። ሁለት እሑድ አብሬው ሄጄ ውዬ፣ በሦስተኛው ጠዋት ላይ ትቼው ተመለስኩ፤ ማታ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያሳልፍ ነበር። የክትባት ካርዱን፣ የለመደውን የሸክላ ዕቃና ያልታጠበ ምንጣፉን አብሬ ሰጠሁ። አጎቴ ከበር ውጭ ለአንድ ወር ያለ ገመድ እንዳይለቁት ነገርኳቸው፤ አዲስ ቤት የገባ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ቀድሞ ቤቱ ለመመለስ ይሞክራል፣ ከወንጂ አዳማ ደግሞ ያለው የመኪና መንገድ ነው። በመጨረሻም በወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፦ በማናቸውም ምክንያት ሊያቆዩት ካልቻሉ፣ ለሦስተኛ ሰው ሳይሰጡ በፊት ለእኔ ይደውላሉ፣ እኔም በሳምንት ውስጥ ሄጄ እወስደዋለሁ።